የባሕሩ ወለል በማን ሂሳብ? ስለ ንግድ ሥጋት አያያዝና ከውኃ በታች ያለውን መኖሪያ በካርታ ስለ መመዝገብ

ስለ ባሕር በር በስደት በሚኖረው ምሁር መካከል ያልተነሣ ክርክር የለም ለማለት ይቻላል። ስለ ዳርቻው ርዝመት፣ ስለ ወደቡ ባለቤትነት፣ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻዋን ስላጣችበት አኳኋን ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን አንድ ነገር ጎድሎ ይታየኛል። ባሕርን የምናስበው ዳርቻው ላይ ቆመን ነው፤ ቢበዛም መርከብ የሚሄድበት ጎዳና አድርገን ነው። ከውኃው በታች ስላለው መሬት፣ በዚያ መሬት ላይ ስለሚኖረው ፍጥረት፣ ያም ፍጥረት በነጋዴ ሂሳብ ውስጥ ስላለው ቦታ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ለአንባቢ ማስረዳት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ሥጋት» የምለው እንግሊዞች «ሪስክ» የሚሉትን ነው። አደጋ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ሥጋት ግን ገና ያልደረሰ፣ ሊደርስም ላይደርስም የሚችል ጉዳት ነው። ነጋዴ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፍራንክ ናይት በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሊለካ የሚችለውን ሥጋት ሊለካ ከማይችለው እርግጠኛ ያለመሆን ለይቶ አሳይቷል። የመጀመሪያው ዋጋ ሊወጣለት ይችላል፤ ሁለተኛው አይችልም። ከዚህ በታች የሚተረከው፣ ሁለተኛው ዓይነት ወደ መጀመሪያው ዓይነት የሚለወጥበት ሥራ ምን እንደሚመስል፣ በሚለወጥበትም ጊዜ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙዎቻችን በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በቨርጂንያ አሌክሳንድርያ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገኛሉ። ሁለቱንም የምናውቃቸው በምግብ ቤቶቻቸው፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በለቅሶና በዕቁብ ነው። ነገር ግን ከተሞቹ ሰው ሥጋትን ለመቋቋም የፈጠራቸውን ሁለት መንገዶች በታሪካቸው ይዘዋል። አንደኛው ኪሳራን መከፋፈል ነው፤ ሁለተኛው ኪሳራው የሚመጣበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

አሌክሳንድርያ፦ ኪሳራን መከፋፈል

አሌክሳንድርያ በ1749 የትምባሆ ወደብ ሆና ተቆረቆረች። በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ስንዴና ዱቄት የጫኑ መርከቦች ከዚህች ወደብ ተነሥተው፣ ፖቶማክን ወርደውና የቼሳፒክን ሰላጤ አቋርጠው፣ ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ አውሮፓ ይጓዙ ነበር። ዛሬ ጎብኚው አይስክሬም ይዞ የሚንሸራሸርበት ዳርቻ ያን ጊዜ የመጋዘንና የመርከብ ሠሪዎች ሰፈር ነበር። በዚያ ዘመን የአሌክሳንድርያ የባሕር መድን ኩባንያ የሚባል ድርጅት ነበረ፤ ሙግቶቹም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። በ1809 በተወሰነው ሙግት ከተነሡት ነጥቦች አንዱ፣ መድን ገቢው ስለ መርከቡ የሰጠው የተሳሳተ መግለጫ ውሉን ያፈርሳል ወይ የሚለው ነበር። የፍርድ ቤቱ መልስ፣ ስሕተቱ የሥጋቱን መጠን የሚነካ መሆኑ ካልተገለጸ ክሱን ለማስቀረት አይበቃም የሚል ነበር።

ይህች ትንሽ ነጥብ የመድንን ጠባይ በሙሉ ትናገራለች። መድን ሰጪው ስለ መርከቡ ዕድሜና ስፋት፣ ስለ ጭነቱና ስለ ጉዞው ይጠይቃል። የሚያውቀው የተነገረውን ነው፤ ከዚያ በመነሣት አረቦን ይተምናል። ስለ ባሕሩ ወለል ግን ሻጩም ገዢውም አያውቁም፤ ስለዚህ አለማወቃቸውን በአረቦኑ ላይ ይጨምሩታል። በለንደንም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሎይድስ የሚባለው ታላቁ የመድን ገበያ በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ነው የተወለደው፤ የባሕር ነጋዴዎች በቡና ዙሪያ ተቀምጠው ወሬ የሚለዋወጡበት ቤት ነበርና። (ዓለም ለቡናችን ስላለበት ውለታ ስንዘረዝር ይህን የምንጨምር አይመስለኝም፤ ይገባ ነበር።)

ኪሳራን መከፋፈል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድር ማለት ይኸው ነው፤ ሞትን አያስቀርም፣ የድንኳኑንና የቀብሩን ወጪ ግን በአባላቱ መካከል ያከፋፍላል። በዚህ በስደት አገር አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ የምናዋጣው ገንዘብም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ዕድር ድንቅ ተቋም ቢሆንም ሰዎቹ ለምን እንደሞቱ አይመረምርም። ለዚያ ሌላ ዓይነት ተቋም ያስፈልጋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቦታውን ማወቅ

በሲልቨር ስፕሪንግ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ በኢስት ዌስት ሃይዌይ ላይ፣ ረጃጅም ሕንፃዎች ተደርድረው ይታያሉ። ከአንዱ ደጃፍ ላይ የባሕር ወፎችን የምትለቅ ታላቅ የነሐስ እጅ ቆማለች። ይህ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ብሔራዊ አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖኣ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። በዚህ ስሙ የተቋቋመው በ1970 ሲሆን፣ ከሥሮቹ አንዱ የሆነው የባሕር ዳርቻ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ግን በ1807 በፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዘመን በሕግ የተመሠረተ ነው። ሥራውን እንዲመራ የተመረጠው ፈርዲናንድ ሃስለር ከስዊዘርላንድ በ1805 ተሰዶ የመጣ ሊቅ ነበር። ምንም እንኳ ሥራውን ለመጀመር ዓመታት ቢፈጅበትም፣ ከሕዝብ እንደራሴዎችም ጋር በበጀት ጉዳይ ብዙ ቢጨቃጨቅም፣ የመሠረተው ትክክለኛነት ዛሬም የመሥሪያ ቤቱ ኩራት ነው።

የመጀመሪያው ዓላማ የፍጥረታትን መኖሪያ ማወቅ አልነበረም። መርከብ ከቋጥኝ ጋር እንዳይጋጭ፣ ነጋዴም እንዳይከስር ነበር። ቀያሹ በጫፉ የእርሳስ ማዕድን የታሰረበት ገመድ ወደ ውኃው እየለቀቀ ጥልቀቱን ይለካል። ከእርሳሱ በታች ጮማ ይለጠፋል፤ ጮማው ከወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭቃ ወይም የዛጎል ስባሪ ይዞ ይወጣል። ይህም በካርታው ላይ ከቁጥሩ አጠገብ በአጭር ምልክት ይጻፋል፤ መርከበኛው መልሕቅ የት እንደሚይዝለት ማወቅ ይፈልጋልና። እንግዲህ የመልሕቅ ጉዳይ ያስጻፈው ምልክት ሳይታሰብ የመኖሪያ ካርታ መጀመሪያ ሆነ። ጭቃ ላይ የሚኖረው ፍጥረት ዛጎል ላይ ከሚኖረው የተለየ ነውና።

የኦይስተር ታሪክ

ከዚህ ወደ ቼሳፒክ ሰላጤ እንውረድ፤ ከሁለቱም ከተሞች የመኪና መንገድ ነው። ኦይስተር ሁለት ቅርፊት ያለው፣ በወለሉ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ጫጩቱ ጥቂት ሳምንታት በውኃ ውስጥ ከተንሳፈፈ በኋላ ጠንካራ ነገር ፈልጎ ይለጠፋል፤ ከሁሉ የሚስማማውም የቀደምቶቹ ዛጎል ነው። ስለዚህ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደራረበ ከወለሉ ከፍ ያለ ክምር ይሠራል። በክምሩ ውስጥ ዓሣ ይጠለላል፣ ሸርጣን ይራባል። አንድ የጎለመሰ ኦይስተር አመቺ ሁኔታ ሲያገኝ በቀን እስከ 50 ጋሎን ውኃ ያጣራል ይባላል። በመሆኑም ኦይስተርን ከነዛጎሉ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ፍሬውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ትውልድ ቤት ነው።

በ1884ና 1885 የምርት ወቅት ሜሪላንድ ወደ 15 ሚሊዮን ቡሼል የሚጠጋ ኦይስተር አወጣች። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ያልታየ ቁጥር ነው። አደጋው ግን ቀድሞ ታይቶ ነበር። ፍራንሲስ ዊንስሎው የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በ1878ና በ1879 በታንጂርና በፖኮሞክ አካባቢ ያሉትን ክምሮች ለባሕር ዳርቻ ቅየሳ መሥሪያ ቤት መርምሮ የመመናመን ምልክት ማየቱን አስታውቋል። በአውሮፓ ደግሞ ካርል ሞቢየስ የተባለው ጀርመናዊ የእንስሳት ሊቅ በ1877 ስለ ኦይስተርና ስለ ኦይስተር ንግድ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ ፍጥረታት አንድ ማኅበር መሆናቸውን ለመግለጽ አዲስ ቃል ፈጠረ። ዛሬ የሥነ ምኅዳር ትምህርት መሠረት የሆነው ይህ ሐሳብ የተወለደው ከንግድ ጥያቄ ነው፦ የኦይስተር እርባታ በጀርመን ባሕር ዳርቻ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ንግድና ጥበቃ ከመጀመሪያው ጠላቶች እንደነበሩ አድርጎ የሚያስተምረን ሰው ይህን ታሪክ ቢያነብ መልካም ነው።

በ1906 የሜሪላንድ ምክር ቤት ሐማን የተባለውን ሕግ አወጣ። የሕጉ ዓላማ ባዶውን ወለል ለግለሰቦች በኪራይ ሰጥቶ ኦይስተር እንዲያረቡ ማድረግ ነበር። ነገር ግን ዓሣ አጥማጆቹ ፈሩ፤ የጋራ የሆነው ማሳችን ባዶ ነው ተብሎ ለባለገንዘብ ሊሰጥብን ነው አሉ። የአገራችንን የመሬት ሥሪት ታሪክ ያጠና ሰው ይህን ፍርሃት ለመረዳት አይቸገርም፤ «ጠፍ መሬት» የሚለውን ቃል ማን በማን ላይ እንደሚናገረው ያውቃልና። ስለዚህ ኪራዩ ከመጀመሩ በፊት የተፈጥሮ ክምሮቹ የት እንዳሉ በካርታ መለየት ነበረባቸው። ሥራውን ከ1906 እስከ 1912 የመራው ቻርልስ የትስ የተባለ የባሕር ዳርቻ ቅየሳ ባለሙያ ነው።

ዘዴው ቀላልና አስደናቂ ነበር። ጀልባዋ በቀስታ ስትሄድ ሰንሰለት ወለሉን እየጠረገ ይከተላታል። ሰንሰለቱ የታሰረበትን ገመድ በእጁ የያዘ ሰው ንዝረቱን ያዳምጣል፤ ጭቃ ዝም ይላል፣ ዛጎል ግን ይንቀጠቀጣል። ንዝረቱ ሲበዛ ብዙ፣ ሲሳሳ ጥቂት፣ ሲጠፋ ባዶ እያለ ይጠራል፤ ሌላው በባሕር ዳር ከተተከሉት ምልክቶች አንግል እየለካ ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ ይመዘግባል። በየመካከሉ እየቆሙ በረጅም መቆንጠጫ ከወለሉ ናሙና ያወጣሉ። በዚህ ዓይነት ከ200,000 ኤከር የሚበልጥ፣ በእኛ ቆጠራ ከሁለት ሺህ ጋሻ የማያንስ የተፈጥሮ ክምር ተከለለ። ለእያንዳንዱም ክምር ዓሣ አጥማጆቹ የሚጠሩበት ስም ተጻፈለት።

የክልሉ መመዘኛ የእንስሳት ሊቃውንት መመዘኛ ብቻ አልነበረም። በቀደሙት የፍርድ ቤት ውሳኔዎች መሠረት «የተፈጥሮ ክምር» ማለት ሕዝቡ ሄዶ ኑሮውን ሊያገኝበት የሚችል ቦታ ማለት ነበር። ስለዚህ የየትስ ካርታ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ የፍጥረት መኖሪያ ካርታና የሰው መተዳደሪያ ካርታ። በመስመሩ ውስጥ ያለው የጋራ ሆነ፣ ከመስመሩ ውጪ ያለው ሊከራይ የሚችል ሆነ።

ከዚያስ? ካርታው መልካም ሆኖ ሳለ ሂሳቡ ተበላሸ። ኪራይን የሚቃወሙት ወገኖች ተከታትለው ሕጉን ስላዳከሙት የግል እርባታው ለረጅም ዘመን ሳይስፋፋ ቀረ። በሌላ በኩል ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ደለል ክምሮቹን ሲያለብስ መስመሩ እንዳለ ቆየ። በ1949 ዴርሞ፣ በ1959 ኤም ኤስ ኤክስ የተባሉት የኦይስተር በሽታዎች በሰላጤው ታወቁ። በ2003ና 2004 ወቅት የሜሪላንድ ምርት 26,000 ቡሼል ገደማ ደረሰ፤ ከ15 ሚሊዮኑ ጋር አንባቢው ራሱ ያስተያየው። ኋላ በሶናር የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው በየትስ ክልል ውስጥ ከነበረው ጠንካራ ወለል አብዛኛው በአሸዋና በጭቃ ተሸፍኗል። በወረቀት ላይ ግን ክምር ነበር፤ ሕጉም የሚያየው ወረቀቱን ነበር። የአንድ ዘመን ትክክለኛ ካርታ ሳይታደስ ሲቀር ራሱ የሥጋት ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በ2009 ሜሪላንድ የኪራይ ሕጓን አሻሽላ የግል እርባታን አበረታታች፤ በ2010 ደግሞ የተከለሉትን ቦታዎች አሰፋች። በ2014 የሰላጤው ተጋሪ ክፍለ ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት በአሥር ገባር ወንዞች ኦይስተርን እስከ 2025 ለመመለስ ተስማሙ። ከእነዚህ አንዱ በሐሪስ ክሪክ 350 ኤከር ያህል ስፋት ያለው ሥራ ነው። እዚያ የትኛው ወለል ዛጎልና ድንጋይ ሊሸከም እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ እንደሚውጠው ለመለየት ያስቻለው የሶናር ካርታ ነው።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

እዚህ ላይ ስለ ዘዴው ጥቂት ማስረዳት ይገባል። የዛሬው ቀያሽ በሰንሰለት ፈንታ ድምፅ ይጠቀማል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከመርከቡ ሥር እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚለቀቀው ድምፅ ወለሉን መትቶ የሚመለስበት ጊዜ ጥልቀቱን ይሰጣል። የሚመለሰው ድምፅ ብርታት ደግሞ የወለሉን ጠባይ ይጠቁማል፤ ቋጥኝና ዛጎል አጥብቀው ይመልሳሉ፣ ለስላሳ ጭቃ ይውጠዋል። ሆኖም ድምፅ ሕይወትን አያውቅም። በሕይወት ያለ ኦይስተርና የሞተ ዛጎል ለሶናር ተመሳሳይ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ናሙና ማውጣት፣ ካሜራ ማውረድ፣ ከተቻለም ጠላቂ መላክ ያስፈልጋል። ናሙናው የሚወሰደው ከጥቂት ነጥቦች ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው በግምት ይሞላል። በመጨረሻ የሚታተመው ባለ ቀለም ካርታ ግን ግምቱን አያሳይም፤ አረንጓዴው ከቢጫው በስለታም መስመር ተለይቶ ይታያል። የካርታ ውበት አታላይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ የጽሑፌ ዋና ነጥብ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። እንዲህ ያለ ካርታ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። አንደኛው ሕይወት ያለበትን ወለል ባዶ ነው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ባዶውን ወለል ሕይወት አለበት ማለት ነው። ሁለቱም በመቶኛ ሲጻፉ እኩል ይመስላሉ፤ ለምሳሌ ካርታው ከመቶ ሰማንያ እጁ ትክክል ነው ይባላል። ነገር ግን የቀሩት ሃያዎቹ በአንድ ሰው ላይ አይወድቁም። በመጀመሪያው ስሕተት መልሕቅ የሚጥለው፣ አሸዋ የሚዝቀው ወይም ምሰሶ የሚተክለው ድርጅት ሥራውን ይቀጥላል፤ ኪሳራውን የሚሸከሙት ፍጥረቱና በፍጥረቱ የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ ናቸው። በሁለተኛው ስሕተት ድርጅቱ ያለ ምክንያት ይታገዳል፤ ኪሳራውም የባለገንዘቡና የተበዳሪው ነው። ስለዚህ «ካርታው ምን ያህል ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ሲሳሳት በማን ላይ ይሳሳታል?» ተብሎም መጠየቅ አለበት። የንግድ ሥጋት አያያዝ ትምህርት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ያስተምርና ሁለተኛውን ለፖለቲካ ይተወዋል።

የኦይስተር አርቢው ይህን በተግባር ያውቀዋል። ለኪራይ ከማመልከቱ በፊት ወለሉ ይሸከማል ወይ፣ ጨውነቱ ምን ያህል ነው፣ በሽታው እዚያ ይበረታል ወይ ብሎ ይመረምራል። በሽታ ሳይደርስበት ቶሎ የሚያድግ፣ ዘር የማይሰጥ ዝርያ ይመርጣል፤ ከቻለም በሁለት ቦታ ያረባል። ካርታ የማይነግረው ሥጋት ግን ይቀራል። በሜሪላንድ የአትላንቲክ ዳርቻ የነፋስ ኃይል ለማመንጨት በ2014 በወጣው ጨረታ አንድ ኩባንያ በ8.7 ሚሊዮን ዶላር ኪራዩን አገኘ፤ ከዓመታት የወለል ጥናት በኋላ ዕቅዱ በዲሴምበር 2024 ጸደቀ፤ በ2025 ግን አዲሱ አስተዳደር ማጽደቂያው ተመልሶ እንዲታይ ፍርድ ቤት ጠየቀ። የወለሉን ጭቃ በሴንቲሜትር መለካት ይቻላል፤ የዋሽንግተንን ምርጫ ግን ሶናር አያነበውም።

ቀይ ባሕርና እኛ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ በ1960 ከንግድ ሕጉ ጋር በአንድ ዓመት ታወጀ። ዳርቻው ቢሄድም የባሕር ሥጋቱ አብሮ አልሄደም፤ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ያልፋልና።

ሥጋቱ ምን ያህል እንደሆነ ያለፉት ጥቂት ዓመታት አሳይተውናል። ሴፈር የምትባለው አሮጌ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ 1.1 ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ ይዛ በየመን ዳርቻ ለዓመታት ስትዝግ ቆየች። ነዳጁ ቢፈስ ለማጽዳት ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ሊጠይቅ እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት ገምቶ ነበር። ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ ለማዛወር የሚያስፈልገው 140 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህንንም ለማሰባሰብ ከመንግሥታት አልፎ ከግለሰቦች እስከ መለመን ተደርሷል። ዝውውሩ የተፈጸመው በ2023፣ በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ ነው። ኪሳራው ሊደርስበት የሚችለው ወገን ብዙ ሲሆን ከፋይ እንደሚጠፋ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በመርከቦች ላይ ጥቃት ተጀመረ። በዲሴምበር 2023 መጀመሪያ ከመርከቡ ዋጋ 0.07 በመቶ አካባቢ የነበረው የጦርነት መድን አረቦን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 0.7 በመቶና ከዚያም በላይ ደረሰ። 50 ሚሊዮን ዶላር ለሚገመት መርከብ ይህ ማለት ለአንድ ጉዞ 35,000 ዶላር የነበረው 350,000 ሆነ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 የተመታችው ሩቢማር 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደጫነች በማርች 2 ሰጠመች። መድን ሰጪው የመርከቡን ዋጋ ያውቃል፤ የጭነቱንም ያውቃል። ማዳበሪያው የወረደበት ወለል ግን በማን መዝገብ ላይ ነው? ከዚያ ወለል በፊት የነበረው ካልተመዘገበ ጉዳቱን ለማስላት መነሻ አይኖርም፤ መነሻ ከሌለ ካሣ የለም።

በቀይ ባሕር ደቡብ ከምፅዋ ፊት ለፊት የሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች በኮራል የታወቁ ናቸው። አካባቢው በእኛ አስተዳደር ሥር በነበረበት ዘመን፣ በ1962ና በ1965፣ የእስራኤል ሳይንቲስቶች ተጉዘው ናሙና ሰብስበዋል። ይህን የማነሣው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። የዳርቻው ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ በወለሉ ላይ የተመዘገበው ዕውቀት ለተጋሪዎቹ ሁሉ የመደራደሪያ መሠረት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ስለ ፖቶማክ በተነጋገሩ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። መልእክተኞቻቸው በማርች 1785 መጀመሪያ በአሌክሳንድርያ ተገናኝተው ኋላ በማውንት ቨርነን በጆርጅ ዋሽንግተን ቤት የመርከብ ጉዞንና የዓሣ ማጥመድን ጉዳይ የሚደነግግ ስምምነት ተፈራረሙ። ምንም እንኳ ስምምነቱ ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ እንኳ በፖቶማክ ላይ በኦይስተር ምክንያት ተኩስ ከመተኮስ ባያድንም፣ ወንዙን የመጠቀም መብት ከወንዙ ባለቤትነት ተለይቶ ሊታይ እንደሚችል አሳይቷል። ስለ ባሕር በር የምንከራከር ሰዎች ልናስብበት የሚገባ ልዩነት ነው።

ጣና

«ባሕር የሌለን ሰዎች የባሕር ወለል ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ውኃ ግን አለን። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ሳይንቲስቶች ላብዮባርበስ በሚሉት ወገን የሚመደቡ፣ በአፋቸው ዳር ሪዝ ያላቸው፣ ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉት ገባር ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ባለበት ወለል ላይ ይራባሉ። ለእነርሱ ጠጠሩ ለኦይስተር ዛጎሉ እንደሆነው ነው።

በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚሠራ የንግድ ዓሣ ማጥመድ ተጀመረ። አጥማጁ ብልህ ነውና ዓሦቹ ለመራባት በወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ ጠብቆ መረቡን ዘረጋ። የሆላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ባደረጉት ክትትል፣ በ1991ና በ2001 መካከል የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ለግንባታ ከወንዞቹ የሚወጣው አሸዋና ጠጠር፣ ለመስኖ የሚሠሩት ግድቦች፣ ከተራቆተው መሬት የሚወርደው ደለልና ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ ተጨምረዋል። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የሕይወታዊ ክልል ሆኖ መመዝገቡ ክብር ነው፤ ይሁን እንጂ ክብሩ ጠጠሩ የት እንዳለ ለመስኖ መሐንዲሱ አይነግረውም።

የዚህን ዓይነት ካርታ ለመሥራት የኖኣ መርከብ አያስፈልግም። ለጣና ጥልቀት በጀልባ ላይ የሚታሰር ትንሽ ሶናር፣ የቦታ መለያ መሣሪያ፣ የወለል ናሙና ማውጫና የሠለጠኑ ወጣቶች ይበቃሉ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሐይቁ ዳር ነው። በየወንዙ ያለው የጠጠር ወለል ደግሞ በበጋ ውኃው ሲጎድል በእግር እየሄዱ ሊመዘገብ ይችላል። ለዓሣ አጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበር ብድር የሚሰጥ ባንክ፣ ለመስኖ ግድብ ገንዘብ የሚመድብ መሥሪያ ቤት፣ ለአሸዋ አውጪ ፈቃድ የሚሰጥ ወረዳ፣ ሦስቱም አንድ ካርታ ላይ ቢያዩ ሥጋታቸውን ቢያንስ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩበታል።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። ዓሣ የሚራባበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ፣ ለጠባቂው የሚጠቅመውን ያህል በዚያ ወቅት መረብ ለሚዘረጋም ሰው ይጠቅማል። የቼሳፒክም አጥማጆች ጥሩ ቦታቸውን ለቀያሽ ለመናገር የሚያመነቱት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ማን ምን ያህሉን ያያል የሚለው ከመጀመሪያው ከራሳቸው ከአጥማጆቹ ጋር ሊወሰን ይገባል፤ ካርታው ከታተመ በኋላ የሚደረግ ምክክር ምክክር አይባልም። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎችና የባሕር ዳርና የጎርጎራ መረብ ዘርጊዎች ለየቦታው የሚሰጡት ስም አላቸው። የትስ በ1906 ዓሣ አጥማጆቹ የሚጠሩበትን ስም በካርታው ላይ እንዳሰፈረ ሁሉ፣ እዚያም ሥራው መጀመር ያለበት ሶናሩ ወደ ውኃው ከመውረዱ በፊት፣ ስሞቹን ከሚያውቋቸው ሰዎች አፍ በመጻፍ ነው።